ለቱንድራ የተላከ ሽማግሌ

ዶክተር መሆኔን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ታሪኩን ከሰማችሁ በኋላ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ደግሞ የሰው ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ የተክል ነኝ። በዚህ እናቴ እስከ ዛሬ ቅር እንዳላት ነው። "ይሄን ሁሉ ዓመት ፈረንጅ አገር ተቀምጠሽ ስለ ቅጠል ነው የተማርሽው?" ብላኛለች አንድ ጊዜ። አዎ፣ ስለ ቅጠል ነው የተማርኩት። ባሌ ተራሮች ጫፍ ላይ፣ ጅብራና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከብርድ ጋር እየተናነቁ በሚኖሩበት ቦታ፣ የትኛው ተክል ዳገቱን እየወጣ፣ የትኛው ቦታ እየለቀቀ እንደሆነ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስቆጥር ከረምኩ። ቆጥሬ ቆጥሬ ዶክተር ተባልኩ።

ከዚያ ባለቤቴን ታደሰን ተከትዬ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ገባሁ። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ካልጋሪ ውስጥ ጅብራ የለም። ያገኘሁት ሥራ አንድ የዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ፣ በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተ ከሚመጣው ማፊን የሚሉት ትንንሽ ኬክ መሃል ቅርጹ የተበላሸውን መልቀም ነበር። ሱፐርቫይዘሬ "ዓይንሽ ግሩም ነው" ይለኛል። ይሆናላ! በዶክትሬት የተሳለ ዓይን ነው እኮ።

ሥራ አልንቅም፤ ማፊኑም ምንም አላደረገኝም። ግን ሺፍቴ አልቆ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በእግረኛ መንገዱ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ሣር ካየሁ አጎንብሼ ስሟን ካልጠራሁ አልሄድም ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ገንዘብ የጠፋኝ መስሏት አብራኝ ስትፈልግ ቆየች። እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው የምኖረው።

አንድ ቀን ታደሰ ኮርስ ከሚወስድበት ዩኒቨርሲቲ አንድ ማስታወቂያ ይዞልኝ መጣ። ይዞልኝ መጣ ስል ገልብጦ እንዳይመስላችሁ። ሌላ ሰው እንዳያየው ብሎ ከነስፒሉ ከሰሌዳው ላይ ገንጥሎ ነው ያመጣው። "የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ፣ በቱንድራ ሥነ ምህዳርና በዕፅዋት ለውጥ፣ ለሁለት ዓመት" ይላል። ቱንድራ ማለት ከካናዳ ሰሜን ጫፍ ያለ፣ ብርዱ ዛፍ የማያበቅል ሰፊ ሜዳ ነው። አኻያ እንኳ እዚያ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም። አሁን ግን ቁጥቋጦው ቀና ቀና ማለት ጀምሯልና ለምን እንደሆነ የሚያጠና ሰው ይፈለጋል። በጋውን ሰሜን ድንኳን ውስጥ መክረም፣ ተንበርክኮ መቁጠር። "ይሄ ሥራ ስሜን ነው የሚጠራው!" ብዬ ጮህኩ።

ታደሰ ግን ከታች በትንንሹ የተጻፈውን በጣቱ አሳየኝ። ዶክትሬቱን ከያዘ አምስት ዓመት ያልሞላው ብቻ ነው ማመልከት የሚችለው። የእኔ አምስት ዓመት ሚያዝያ ላይ ይሞላል። ያን ጊዜ ጥር ነበር። ይሄ በር ከተዘጋ ከእንግዲህ ማንም "ወጣት ተመራማሪ" ብሎ አይቀበለኝም፤ የቀረው ዕድሜዬ ከማፊን ጋር ነው ማለት ነው። በዚያው ሳምንት አፕላይ አደረግሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለኢንተርቪው ነይ ተባልኩ።

እዚህ ላይ ጋሼ ተሰማን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ተሰማ ራንድል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው ሲናገር እሳቸው ሲጽፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የመናገሩ ተራ የእሳቸው ሆነ። የኢንተርቪውን ነገር ሲሰሙ ወርደው መጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ስሚ ልጄ፣ ሥራውን ሲሰጡሽ ላፍ እንዳታደርጊ። የራባት ይሉሻል። ትንሽ ተግደርደሪ።"

"ጋሼ፣ ፈረንጅ እኮ መግደርደር አያውቅም" አልኳቸው።

"ፈረንጅስ ሰው አይደለም? ሲሰጡሽ 'ኧረ አይገባኝም' በይ። ሲደግሙልሽ እንደገና እንቢ በይ። በሦስተኛው አንገትሽን ሰበር አድርገሽ ትቀበያለሽ። ያን ጊዜ ነው የምትከበሪው።"

ምክሩን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ያፈሰስኩ መስሎኝ ነበር። ግን የእኔን አስተዳደግ አታውቁም። እናቴ ጎረቤት ይዛኝ ስትሄድ፣ "ብይ" ስባል "በልቻለሁ" ማለት ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ገና በመጀመሪያው "ብይ" እጄን ብዘረጋ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔ ላይ ያረፈው ቁንጥጫ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። ዶክትሬት አእምሮ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጭን ላይ የተጻፈን ነገር አይፍቅም።

የኢንተርቪው ቀን ከውጭ ብርዱ ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር፣ ያውም ከዜሮ በታች። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ላይ ፓርካ ለብሼ ገባሁ። ጸሐፊዋ "ኮትሽን ልቀበልሽ?" አለችኝ። "አይ፣ ግድ የለም" አልኩ። እሺ ብላ ሄደች። እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ እጄን ዚፑ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም። ሙቀቱ የፋብሪካችንን ምድጃ በሚያስንቅ ክፍል ውስጥ ከነፓርካዬ ተቀመጥኩ።

ፕሮፌሰሩ ረጅም፣ ጺማቸው የሸበተ፣ በዚያ ብርድ ካልሲ ላይ ሰንደል ጫማ ያደረጉ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የውሻቸው ፎቶ አለ። "ውሃ ልስጥሽ?" አሉኝ። "አይ፣ አልጠማኝም።" ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነው ይሄን የምላቸው! "ብስኩትስ?" "ጠግቤያለሁ።" ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በሉ። ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት። አንዱን ብስኩት በዓይኔ እስከ አፋቸው ድረስ ሸኘሁት።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። "የቀዝቃዛ አገር ተክሎችን ምን ያህል ታውቂያለሽ?" "ኧረ ብዙም አላውቅ" አልኩ። ጻፉት። "ከሌሎች የምትበልጪበት ነገር ምንድን ነው?" "እሱንስ ሌላ ሰው ቢናገረው ይሻላል።" እሱንም ጻፉት። አሁን ሳስበው ያቺን ወረቀት አንብቢ ብትሉኝ አላነባትም።

ያተረፈኝ የደረቁ ተክሎች ትሪ ነው። "እስቲ እነዚህን እያቸው" ብለው ፊቴ ሲያስቀምጡልኝ ጨዋነቴ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ሳላስፈቅድ ማጉያ መነጽራቸውን ከእጃቸው ነጠቅሁ። ይሄ እንዲህ ነው፣ ይሄ የእንትና ዘመድ ነው፣ ይቺ ደግሞ ስሟ ተሳስቶ ተለጥፏል፣ የለጠፈው ሰው አበባዋን አላየም አልኩ። የለጠፉት እሳቸው ነበሩ። አዩ፣ አጎነበሱ፣ እንደገና አዩና ሳቁ። ስለ ባሌ ጠየቁኝ፤ አስታው እሳት ሲከለከል እንዴት ዳገቱን እንደሚይዝ ነገርኳቸው። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ እንጃ። በመጨረሻ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦

"ሌላ ሰው ማየት አያስፈልገኝም። ሥራው ያንቺ ነው፤ ትቀበይኛለሽ?"

እሺ ልል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ያ የድሮ ቁንጥጫ ጭኔ ላይ አረፈ፤ እምላለሁ አመመኝ።

"ኧረ አይገባኝም" አለ አፌ። "ከእኔ የተሻለ ሰው ይኖራል፤ ለእሱ ቢሰጡት ይሻላል።"

ቅር አላቸው። "እርግጠኛ ነሽ?"

ደስ አለኝ! ይሄ ሁለተኛው ነው አልኩ በልቤ፤ አንድ ብቻ ቀረን። "አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ" አልኩና ሦስተኛውን ለመቀበል አንገቴን ሰበር አደረግሁ።

ሦስተኛ የለም። ብድግ ብለው እጄን ጨበጡኝ። "ያሳዝናል፤ ግን እውነቱን ስለነገርሽኝ አከብርሻለሁ" ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት፤ ከኋላ ሮጠው እንዲደርሱብኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ የጫማዬን ማሰሪያ አሰርኩ፤ ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሦስት አውቶቡስ አሳለፍኩ። በአራተኛው እግሬ ስለደነዘዘ ተሳፈርኩ።

ታደሰ በር ላይ ጠበቀኝ። "እህስ?"

"ሰጡኝ።"

"እልልል!" ብሎ ከመሬት አነሣኝ። አየር ላይ እንዳለሁ "እንቢ አልኳቸው" አልኩት። አወረደኝ ከማለት ጣለኝ ማለት ይቀላል። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ፊቴን ሲያይ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ።

"በቃ ኮል አድርጊና ንገሪያቸዋ! ምን ችግር አለው?"

ደወልኩ። መልእክት መቀበያው ማሽን አነሣው። እኔ ደግሞ ሰላምታ ሳልሰጥ ወደ ጉዳይ መግባት አልችልም፤ ነውር ነው። "ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር፣ እንዴት ሰነበቱ? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና ነው? ውሻዎስ?" ይሄን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ጉዳዩ ስገባ ማሽኑ ጢጥ ብሎ ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ። "በመጀመሪያው መልእክቴ ሰዓትዎን ስላባከንኩ ይቅርታ፣ አስቤም አይደለም፣ እንዲያው ሰላም ልበልዎት ብዬ..." ጢጥ። በሦስተኛው ስሜን ብቻ ተናግሬ ደንግጬ ዘጋሁት። ታደሰ ትራሱን ፊቱ ላይ አድርጎ ይንፈራፈራል፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልገባኝም።

በነጋታው ጸሐፊዋ ደወለች። "ፕሮፌሰሩ መልእክቶችሽን ሰምተዋል፤ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ደህና ናቸው፣ ውሻውም ደህና ነው።" ልናገር ስል ቀጠለች፦ "ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ደብዳቤው ሐሙስ ጠዋት በፖስታ ይወጣል። ያንቺን ፋይል መልሰን እንላክልሽ?"

ምን ብላት ጥሩ ነው? "አትቸገሩ" አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ወለምታም አይደል፣ ስብራት ነው። ታደሰ "ራስሽ ሄደሽ በአካል ንገሪያቸው" አለኝ። በየት ፊቴ? እርግጠኛ ነኝ ብያለሁ፣ ውሻቸውን ሦስት ጊዜ... አይ፣ አንድ ጊዜ ነው የጠየቅኩት፣ ግን ያው ነው። ለፋብሪካው ሺፍት ስነሣ ያ የማፊን መስመር ማለቂያ የሌለው ሆኖ ታየኝ።

ጋሼ ተሰማ ለቅሶዬን ከላይ ሰምተው ወረዱ። ታደሰ ነገሩን ሲነግራቸው ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አሉ። "እኔው አቀናዋለሁ። ሽማግሌ እንልካለን።"

"ለማን?" አለ ታደሰ።

"ለፕሮፌሰሩ ነዋ! እንቢታ ገባ፣ ሰው ተቀያየመ። ሽማግሌ ገብቶ የማያስታርቀው ነገር አለ?"

"ጋሼ፣ እዚህ አገር ለሥራ ሽማግሌ አይላክም እኮ!"

"ታዲያ ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ ሥራ ፈቶ የሚቀመጠው" አሉና ማርቲንዴል ሰፈር ለሚኖሩት ለሐጂ ኑሩ ደወሉ። ሐጂ ኑሩ የጎባ ሰው ናቸው። በጎልማሳነታቸው በቅሎ ላይ ቡና ጭነው ከደሎ መና ሳነቴን እያቋረጡ ጎባ የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። ሳነቴ እኔ አጎንብሼ የቆጠርኩበት አምባ ነው፤ እሳቸው ግን እኔ ሳልወለድ ነው ሲያቋርጡት የኖሩት። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩ ግን ጋሼ ተሰማ እንኳ ዝም ይላሉ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ተሰማ በሱፍ ሙሉ ልብስ ላይ ፓርካ፣ በፓርካው ላይ ጋቢ ደርበው ወረዱ። ታደሰ አስተርጓሚም ሾፌርም ነው። ሞተሩ በብርዱ እንዳይደርቅ፣ እዚህ አገር እንደሚደረገው፣ መኪናውን በገመድ ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ ነበር ያሳደረው፤ ከጥድፊያው ብዛት ሳይነቅለው ተነሣ። ገመዱን እንደ ጅራት እየጎተትን ማርቲንዴል ደረስን። ሐጂ ኑሩ ቆብ ላይ ቆብ ደርበው በር ላይ ቆመው አዩንና "ሌባ ነው የምትጎትቱት?" አሉ። ገመዱን ጠቅልለን ኋላ ወረወርነውና ጉዞ ቀጠልን።

እኔ የጉዳዩ ባለቤት ስለሆንኩ መግባት የለብኝም ተባለ። "መኪና ውስጥ ቆዪ" አሉኝ። ታደሰ ፓርክ አድርጎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ትንፋሼ መስታወቱ ላይ በረዶ ሠራ። ምን ላድርግ፣ ተከትያቸው ገባሁ። ከፕሮፌሰሩ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ቆዳው ውስጥ ገለባ ተጠቅጥቆ ለማሳያ የቆመ አንድ ትልቅ የሰሜን አጋዘን አለ። ከኋላው ተሸሸግሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አያለሁ፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

"ቀጠሮ አላችሁ?" ትላለች ጸሐፊዋ።

"ሽማግሌ ቀጠሮ አይዝም፤ ሽማግሌ ይደርሳል በላት" አሉ ጋሼ ተሰማ። ታደሰ ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ ብቻ በሩን ለቀቀችላቸው።

ፕሮፌሰሩ ብድግ አሉ። "እባካችሁ ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም።"

"ቡና?"

"አንጠጣም። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ አንቀምስም።"

ፕሮፌሰሩም እንግዳ ቆሞ መቀመጥ ከብዷቸው እንደቆሙ ቀሩ። አራቱም እንደ ምሰሶ ተገትረው ይተያያሉ። ጋሼ ተሰማ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ንግግር ነው፤ ከአዳም ተነሥተው፣ በዳኝነትና በይቅርታ በኩል አልፈው፣ ወደ እኔ ለመድረስ ጊዜ ፈጀባቸው። ታደሰ አምስቱን ዓረፍተ ነገር በአንድ ይተረጉማል። የፕሮፌሰሩ ዓይን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ። የእኔም ልብ አብሮት ሄደ።

"ይቅርታ" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ "እሷ እኮ እንቢ አለች። ሁለት ጊዜ ጠይቄያት ሁለት ጊዜ።"

ሐጂ ኑሩ ያን ጊዜ ተናገሩ። "የመጀመሪያው እንቢ አክብሮት ነው። ሁለተኛው እንቢ ጨዋነት ነው። እንቢ ማለት የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው።"

"ሦስተኛውን ማን ነገረኝ?"

"አልጠየቁማ።"

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። ግን ሳቃቸው የትህትና ሳቅ ነው፤ የውሳኔ አይደለም። "ልጅቷን በጣም ወድጃታለሁ። ነገር ግን አንዴ ወስኛለሁ፤ ለሌላው ሰው ደብዳቤው ተጽፏል" አሉ። አጋዘኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። አለቀ አልኩ። አምስት ዓመቴ፣ ተንበርክኬ የቆጠርኩት ሁሉ፣ እዚህ አለቀ።

ጋሼ ተሰማ አዲስ ንግግር ሊጀምሩ አየር ሲስቡ ሐጂ ኑሩ ከጎናቸው አልነበሩም። ግድግዳው ጋ ሄደው ሁለት ፎቶ ያያሉ። አንዱ ያረጀ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሌላው ባለ ቀለም።

"ይሄ ሳነቴ አይደለም እንዴ?"

"አይደለም ሐጂ፣ የዚህ አገር ሰሜን ነው" አለ ታደሰ።

ሐጂ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀረቡ። "ድንጋዩ አንድ ነው፤ ቦታው አንድ ነው ማለት ነው። ይሄ ግን አልነበረም።" ጣታቸውን ባለ ቀለሙ ፎቶ ላይ አኖሩ። "ቁጥቋጦው ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ዳገቱን ይዟል። እኛ ዘንድ አስታ እንዲህ የሚያደርገው እሳት ሲከለከል ነው። እዚህስ ምን ነካው? እሳት ቀረ ወይስ ከብት ቀረ?"

ታደሰ ተረጎመ። ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛቸውን ዞረው መጡ። "ተማሪዎቼ ይሄን እንዲያዩ ስንት ቀን ነው የማስተምራቸው" አሉ። "ሙቀቱ ይመስለናል። እርግጠኛ ግን አይደለንም።"

"የቦታው ሽማግሌዎች ምን ይላሉ?" አሉ ሐጂ።

"የሚያውቁትን እንዲነግሩኝ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። 'እስቲ እናያለን' አሉኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ወደ ድንኳኔ ተመለስኩ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው?!" አሉ ጋሼ ተሰማ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። የሰው ልጅ ሲታዘንለት አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላየሁም። "ከዚያ ወዲህስ? አልተመለሱም?"

"የማይፈልጉ መስሎኝ..."

"ምስኪን!" አሉ ጋሼ ተሰማ። ታደሰ ይቺን አልተረጎማትም፤ ፕሮፌሰሩ ግን የገባቸው ይመስለኛል፤ ጆሯቸው ቀላ።

ሐጂ ኑሩ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ "ልጃችንን ይዘዋት ይሂዱ። ቅጠሉን እርስዎም ያውቁታል። ሰው 'እናያለን' ሲል ስንት ጊዜ ተመልሶ በሩ ላይ እንደሚቆም ግን እሷ ናት የምታውቀው። ተቆንጥጣና ተኮርኩማ ነው ያደገችው።"

ፕሮፌሰሩ ሁለቱን ፎቶ አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ። ድንገት "ፖስታው!" ብለው ወጡ። የጸሐፊዋ ትሪ ባዶ ነው። "አሁን ወሰዱት" አለች። እኔ አይቻለሁ፤ ፖስታ የጫነው ጋሪ በአጋዘኑ ጭራ በኩል ነው ያለፈው፣ አሁን ሊፍቱ በር ላይ ደርሷል። ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩን በሰንደል ሲሮጡ፣ አንዱ ጫማ ተፈናጥሮ ቀረ። በካልሲያቸው እየተንሸራተቱ ጋሪው ላይ ደርሰው ደብዳቤውን ሁሉ እንደ ድመት ቧጠጡት። ጋሪ ገፊው እጁን ወደ ላይ አነሣ። አንዱን ፖስታ መዘው አወጡና ደረታቸው ላይ ይዘው ዞር ሲሉ፣ በአጋዘኑ እግሮች መሃል የእኔን እግሮች አዩ።

"አንቺ ነሽ?"

ወጣሁ። ከነፓርካዬ፣ ከነአበጠ ዓይኔ።

ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ "ቀጥ ያለ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ። "ይሄን ሥራ ትፈልጊዋለሽ?"

ከኋላቸው፣ በሩ ላይ፣ ጋሼ ተሰማ በጋቢያቸው ሥር እጃቸውን እያርገበገቡ "ቆይ! ቆይ!" ይሉኛል። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ታደሰ ደግሞ ከጎናቸው ሁለት እጁን አጣምሮ ይለምነኛል።

"አዎ" አልኩ። "እፈልገዋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው። ከመጀመሪያውም እፈልገው ነበር።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል መሰል፣ በየቢሮው ራስ ብቅ ብቅ አለ። ፕሮፌሰሩ ፖስታውን ከመሃሉ ቀደዱት። እኔ ከደስታዬ ብዛት የጋሪ ገፊውን እጅ ይዤ አመሰገንኩት፤ ሰውዬው ምንም ሳይገባው "አይዞሽ" የሚል ፊት አሳየኝ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ደስታ በደስታ ነው። ታደሰ መሪውን እየመታ ይዘፍናል፣ ሐጂ ኑሩ ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ ይላሉ። ጋሼ ተሰማ ብቻ ከፊት ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ? በእርስዎ እኮ ነው የተሳካው" አልኳቸው።

ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው እውነተኛ ሐዘን ነበረበት።

"ቸኮልሽ ልጄ" አሉ። "ሰውዬው በካልሲ ሮጦ እግርሽ ሥር መጥቶ ነበር። አንዴ ብቻ፣ አንዴ እንቢ ብትዪው እኮ ሦስተኛ ዓመት ይጨምርልሽ ነበር!"

እኔ እየሳቅሁ እንባዬን እጠርጋለሁ፤ እሳቸው እስከ ራንድል ድረስ አኮረፉኝ።